ርዕሰ መምህሩን የሚያማክረው ማነው?

አንድ ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይደርሰውና ርዕሰ መምህር ይሆናል። ማኅተሙን፣ ቁልፉንና የንብረት መዝገቡን ይረከባል። ወዲያው ዕቅድ አምጣ፣ ሪፖርት ላክ ይባላል። እንዴት እንደሚመራ አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ግን የለም። ትምህርት ቤቱ ጥሩ አስተማሪ አጣ፤ በምትኩ ያገኘው ብቻውን የሚደናበር መሪ ነው። ይህን አሠራር ለምደነው ትክክል መስሎን ኖረናል። ትክክል አይደለም።

ለጀማሪ መምህር እንኳ የተሻለ ታስቧል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ማዕቀፍ የ2 ዓመት የሙያ ትውውቅ ይሰጠዋል፤ ነባር መምህርም ሜንተር ሆኖ ይመደብለታል። ክፍል ገብቶ ለሚያስተምር ሰው ይህ ካስፈለገ፣ መምህራኑን፣ በጀቱን፣ ወላጁንና ተማሪውን ሁሉ ለተሸከመ ሰው እንዴት አያስፈልግም? መልሱ የታወቀ ነው፦ «ካላወቀ ለምን ተሾመ?» ይህች አባባል ብዙ ርዕሳነ መምህራንን አፍ አስይዛለች። መጠየቅ ነውር፣ መደበቅ ብልህነት የሆነው በእሷ ነው።

«ሱፐርቫይዘር አለ እኮ» የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለ፤ ሥራውም ያስፈልጋል። ነገር ግን ቼክሊስት ይዞ ይመጣል፤ ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ዕቅድና ፖርትፎሊዮ ያገላብጣል፤ ግብረ መልስ ጽፎ ይሄዳል። የጻፈው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ይደርሳል። ታዲያ የትኛው ርዕሰ መምህር ነው «መምህራኑ አልሰማ ብለውኛል፣ የበጀት ነገር አልገባኝም፣ ምክትሌን መናገር እፈራለሁ» ብሎ ነጥብ ለሚሰጠው ሰው የሚናገረው? መዛኝና አማካሪ አንድ ሰው ሲሆኑ ምክሩ ይሞታል።

የዩኒቨርሲቲዎች የክረምት የትምህርት ቤት አመራር ሥልጠናም ቢሆን፣ ጠቃሚነቱን ሳልክድ፣ ይህን ክፍተት አይሞላም። ችግሩ የሚመጣው ጥቅምት ላይ ነው፤ ዝውውር የተከለከለ መምህር ክፍል አልገባም ሲል፣ ወላጅ በር ላይ ተቆጥቶ ሲቆም። በዚያች ሰዓት ሞጁል አይደወልለትም።

የፈተና ውጤቱንም እንይ፦ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 845 ሺህ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ኑሮ፣ የጸጥታ ችግር። ሁሉንም በርዕሰ መምህሩ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ሆኖም ውጤት ሲወድቅ መጀመሪያ ለግምገማ የሚጠራው እሱ ነው። «ምን ሆንክ?» የሚለው ብዙ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው አብሮት እንዲሠራ የተመደበለት ግን ስንቱ ነው?

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሜንተርነት በመምህራኑ ዘንድ ራሱ ወረቀት ሆኗል ይባላል። በዓመት 60 ሰዓት የተባለው ተሙማ ሰኔ ላይ በፊርማ ሲሞላ ያየ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ለርዕሳነ መምህራንም ሌላ ቅጽ ከተዘጋጀ መጨረሻው ያው ነው። ስለዚህ የርዕሰ መምህሩ ምክር ቅጽም፣ ነጥብም፣ ፖርትፎሊዮም አይኑረው። አማካሪው ከአለቆች ሰንሰለት ውጪ ይሁን። የሚጨዋወቱበት ሰዓት ከሥራ ሰዓት ይቆጠር። የተነጋገሩትም በሁለቱ መካከል ይቅር።

ሰው ከየት ይመጣል? በየከተማው ጡረታ የወጡ፣ ብዙ ክፉ ቀን ያለፉ ርዕሳነ መምህራን ቤታቸው ተቀምጠዋል። መሪ መምህርና ከፍተኛ መሪ መምህር የሚል እርከን አበጅተን ደመወዝ ጨምረናል፤ እውቀታቸውን ግን ለርዕሰ መምህሩ እንዲያካፍሉ አልጠየቅናቸውም። በሁለተኛ ደረጃ ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ሴት ርዕሳነ መምህራን ደግሞ ብቸኝነታቸው ድርብ ነው፤ መንገዱን ቀድማ የሄደች ሴት ማግኘት ከሁሉም በላይ ለእነሱ ያስፈልጋል።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ሹመት ከደብዳቤው ጋር የአንድ ነባር ርዕሰ መምህር ስምና ስልክ ስጡ። ያ ሰው ምን እንደሰማም ፈጽሞ አትጠይቁት።