መዝሙሩ የማን ነው?

በሴፕቴምበር 2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) የስኮትላንድ እግር ኳስ ማኅበር የተመሠረተበትን 150ኛ ዓመት ለማክበር ስኮትላንድና እንግሊዝ ግላስጎው ከተማ፣ ሃምፕደን ፓርክ ላይ ተጋጠሙ። የንጉሡ መዝሙር ሲጀመር ስታዲየሙ በፉጨትና በጩኸት ተሞላ። የዚህ ነገር ወሬ በመዝናኛ ክፍላችን በተነሣ ጊዜ አንዳንድ ወንድሞቻችን «በገዛ ንጉሣቸው ላይ የሚያፏጩ ባለጌዎች!» ብለው ፈረዱ። ክርክሩ ሳያልቅ የራት ሰዓት ደረሰና ተበተንን። እኛም በዚያ ምሽት ያልጨረስነውን እዚህ እንጨርሰዋለን።

ፉጨት መልካም ጠባይ ነው አንልም። ነገር ግን ፈራጅ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ያ መዝሙር በዚያ ሜዳ ላይ የማን ሆኖ ቀረበ ብሎ ነው። የተዘመረው ለእንግሊዝ ቡድን ነው። መዝሙሩ ግን የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ የጋራ መንግሥት መዝሙር ነው። በ1603 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰ፤ በ1707 ሁለቱ ፓርላማዎች አንድ ሆኑ። ስለዚህ ስኮትላንዳዊው በዚያ ዘውድ ላይ ያለው ድርሻ ከእንግሊዛዊው አያንስም። እንግዲህ ታላቅ ወንድም የአባታቸውን ካባ ለብሶ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ለሙግት ቢቀርብ፣ ታናሹ ካባውን ባያከብር ይፈረድበታልን?

መዝሙሩ በለንደን ቴአትር ቤቶች የገነነው በ1745 ነው፤ ይኸውም የቻርልስ ስቱዋርት ጦር ከስኮትላንድ ተነሥቶ የመንግሥቱን ጦር ድል ባደረገበት ወቅት ነው። በዚያው ዘመን ዐመፀኞቹን ስኮትላንዶች የሚደመስስ ጄኔራል ይነሣልን የሚል ጸሎት ያለበት ስንኝም ተጨምሮበት ነበር። ዛሬ የሚዘምረው የለም፤ እኛም ሞቶ የተቀበረ ስንኝ ቆፍረን ለክስ አናቀርብም። ክሳችን ዛሬ በሚደረገው ላይ ነው።

በስፖርት እኮ እነዚህ ሕዝቦች ሁለት ናቸው። በ1871 ኤዲንበራ ላይ በራግቢ፣ በ1872 ግላስጎው ላይ በእግር ኳስ ሲጋጠሙ፣ በዓለም የመጀመሪያዎቹን የአገር ለአገር ግጥሚያዎች አደረጉ። ሁለት ማኅበር፣ ሁለት ማሊያ አላቸው። ሆኖም ስኮትላንዶች ለብዙ ዘመን የሚሰለፉት በተጋጣሚያቸው መዝሙር ነበር። በ1970ዎቹ ሃምፕደን ላይ ያፏጩ የነበሩት የራሳቸው ቡድን በተሰለፈበት መዝሙር ላይ ነው!

በመጨረሻ የራግቢ ማኅበራቸው መላ አገኘ። ማርች 17 ቀን 1990 ኤዲንበራ፣ መሪፊልድ ላይ ሁለቱም ቡድኖች የዚያን ዓመት ተጋጣሚዎቻቸውን ሁሉ አሸንፈው ተገናኙ። የስኮትላንድ አምበል ዴቪድ ሶል ጓደኞቹን አስከትሎ ሳይሮጥ፣ ቀስ እያለ እየተራመደ ወደ ሜዳ ወጣ። ሕዝቡም ሮይ ዊሊያምሰን የጻፈውን «የስኮትላንድ አበባ» የተባለውን መዝሙር ዘመረ፤ ስኮትላንድ 13 ለ7 አሸነፈች። እግር ኳሱም በ1997 ይህንኑ መዝሙር ወሰደ። እስከ ዛሬ በሕግ ያጸደቀው የለም፤ ሕዝቡ ግን አጽድቆታል።

ዌልሶችም የራሳቸው አላቸው። እንግሊዞች ግን በእግር ኳስም በራግቢም የጋራውን ይዘው ቀሩ። እርግጥ የሰሜን አየርላንድ እግር ኳስ ቡድንም ይህንኑ ይዘምራል፤ ዳሩ ግን የሰሜን አየርላንድን ሕዝብ ከመንግሥቱ ሁሉ ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ማንም የለም። እንግሊዝ ግን ከ56 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ ስኮትላንድ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነው ያላት። ትልቁ ራሱን ለመለየት ስም አያስፈልገውም፤ ሁሉም እርሱ ይመስለዋልና። አይቻላቸውም እንዳንል፣ በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ከ2010 ጀምሮ በሕዝብ ድምፅ የመረጡትን «ኢየሩሳሌም» የተባለውን መዝሙር ይዘምራሉ። በ1966 ዌምብሌ ላይ የዓለምን ዋንጫ ሲወስዱ ደጋፊዎቻቸው የጋራውን ባንዲራ ነበር የሚያውለበልቡት፤ በ1996 ግን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቀይ መስቀል አንሥተው ወጡ። ባንዲራውን ለይተዋል፤ መዝሙሩን ለመለየት ምን ከለከላቸው? በ2016 ቶቢ ፐርኪንስ የተባለ የፓርላማ አባል ለእንግሊዝ መዝሙር ይመረጥላት ብሎ የሕግ ረቂቅ አቀረበ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ አለፈና በዚያው ቀረ።

ለስኮትላንዶችም አናዳላም። ያ የሚወዱት መዝሙር በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ዳግማዊ ተመትቶ የተመለሰበትን የሚዘክር ነው። ከኖርዌይ ጋር ሲጫወቱም የሚያባርሩት ኤድዋርድን ነው። ኖርዌዮች ምን አደረጉ? ጠላቱ ካልተጠራ ራሱን የማያውቅ ማንነት ያሳስበናል። ጂም ሲላርስ የተባለው ፖለቲከኛ በ1992 የፓርላማ ወንበሩን ካጣ በኋላ የአገሩን ሰዎች «የዘጠና ደቂቃ አርበኞች» ብሎ ዘልፏቸው ነበር። በ2014 እንገንጠል ወይስ አንገንጠል ተብለው ሲጠየቁም 55 በመቶው አብረን እንኑር ብለው ድምፅ ሰጡ። ይህን ውሳኔ መናቅ አይገባም። ነገር ግን አብሮ መኖርን የመረጠ ሕዝብ በጋራው መዝሙር ላይ የሚያፏጭ ከሆነ፣ የጋራው የጋራ መሆኑ የቀረው የት ላይ እንደሆነ ይፈለግ።

«ስፖርትና ፖለቲካ ምን አገናኛቸው?» የሚሉን አሉ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ብሪታንያ አንድ የጋራ ቡድን ስታሰልፍ፣ ከሴቶቹ ስኮትላንዳውያኑ ኪም ሊትልና ኢፌዮማ ዲኬ መዝሙሩ ሲዘመር አፋቸውን ዘግተው ቆሙ። በዚያ ቀን እንኳ መዝሙሩ በእውነት የእነርሱም ነበር፤ ግን ለብዙ ዘመን የተጋጣሚ ሆኖ የሰሙትን በአንድ ቀን የራስ ማድረግ አልሆነላቸውም።

እኛስ? በአማርኛችን መንግሥቱን ሁሉ «እንግሊዝ» ብለን እንጠራለን፤ የኤዲንበራውን ሰው «እንግሊዛዊ» ብለን እናስተዋውቃለን፤ ሲቆጣም እንስቃለን። በዚህ ጋዜጣ ባለፈው እትም የስፖርት ዓምዳችን የስኮትላንዱን ሯጭ «እንግሊዛዊው» ብሎ መጻፉን አንድ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ልከውልናል። «ስኮትላንዳዊው» ተብሎ ይነበብ።