«የሻይ» ወይስ ስስት?

በሆንግ ኮንግና በጓንግዶንግ የሚነገረው ካንቶንኛ ለማያካፍል ሰው ስም አያጣም። ቆንቋናው «ጉ ሆን» ይባላል፤ ቃሉ ሲበተን «ብቸኛና ብርዳም» ማለት ነው። እጁ የማይፈታ ሰው ዙሪያው ሲቀዘቅዝ አይታያችሁም? የተገኘውን ጥቅም ጠቅልሎ የሚይዘው ደግሞ «ሲክ ዱክ ሲክ» ነው፤ ለብቻው በላ። ተረታቸውም «ለብቻ መብላት አያወፍርም» ይላል። የኛው «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ነው። እኛ ሞት ፈረድንበት፤ እነሱ ግን ሂሳቡን አሳዩት፦ አያዋጣህም!

እኔን በጣም የገረመኝ ግን «ታም» ነው፤ ስግብግብነት። «ታም» እና «ፓን» (ድህነት) ሲጻፉ መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ከሥራቸው ጥንት ገንዘብ የነበረውን የዛጎል ምልክት ይዘዋል። ስለዚህ «ከታም የሚተርፍህ ፓን ብቻ ነው» ብለው ይተርታሉ።

ከረሜላ የሚሻማ ልጅ የሚወቀሰው በዚሁ «ታም» ነው። የሹም ሌብነትም «ታም ዉ» ይባላል። ያው ቃል ነው፤ አላሳመሩለትም።

እርግጥ እነሱም ማሳመሪያ ነበራቸው። በ1960ዎቹ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጉቦ «የሻይ» ይባል ነበር። አዎ፣ ልክ እንደኛ! አምቡላንስ በሽተኛ ከማንሳቱ በፊት «የሻይ» ይጠየቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ጎድበር የተባለ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን፣ ምንጩን ማስረዳት ያልቻለው ከ4 ሚሊዮን በላይ የሆንግ ኮንግ ዶላር ተገኝቶበት ወደ እንግሊዝ ኮበለለ። ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ በመፈክሩ ውስጥ ሻይ አልነበረም፤ «ታም ዉ» ነበር። በ1974 ራሱን የቻለ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ጎድበርም በ1975 ተመልሶ የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ሰውየውን ቃል አላሰረውም፤ ሕግና የሕዝብ ቁጣ እንጂ። ግን ሻይ ብሎ በጠራው ነገር የሚቆጣ ማን አለ?

«ሙስና» የስብሰባ ቃል ሆኗል፤ ማንም ራሱን አያገኝበትም። ሕፃን ልጅ ዳቦውን ከእህቱ ሲደብቅ «አንተ ስስታም!» ብለን እንቆጣለን። ፋይላችንን ደብቆ እጁን ለሚዘረጋው ትልቅ ሰው ግን ፈገግ ብለን «ለሻይ» እንላለን። እስቲ የልጁን ስም ለሰውየውም እንስጠው፤ ከልጁ ይልቅ የሚገባው ለእሱ ነው።