ልብ የተሸከመውን ጀርባ ይናገራል



በእሁድ አምልኮ መጨረሻ ለጸሎት ወደ ፊት የሚወጡትን «ስለ ምን እንጸልይላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው መልስ አለ። «ፓስተር፣ ወገቤን»፤ «ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞኛል»፤ «ትከሻዬ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል»። እንጸልያለን፤ ልንጸልይም ይገባል። ጥቂት ቁጭ ብለን ስናወያያቸው ግን ሌላ ነገር ይወጣል፦ ያልተከፈለ የቤት ኪራይ፣ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ ልጅ፣ በትዳር ውስጥ ለወራት የቆየ ዝምታ።

ታዲያ ሰው ወገቡን ነግሮን ጭንቀቱን የሚደብቀን ለምንድን ነው? በጉባኤያችን ወገብ ቢያምም አያሳፍርም፤ «ተጨንቄአለሁ» ማለት ግን እምነት የጎደለው ያሰኛል። ስለዚህ ወገናችን እንዲናገረው የፈቀድንለትን ሕመም ብቻ ይዞ ይመጣል። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ግን ጭንቀትና ጡንቻ ምን አገናኛቸው? ፈጣሪያችን ከአደጋ የምናመልጥበትን ሥርዓት በአካላችን ውስጥ አኑሯል። ድንገት ውሻ ቢጮህብን አንጎላችን እስክናስብ ድረስ አይጠብቅም። አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ጡንቻ ለሩጫ ይወጠራል። ውሻው ሲሄድ ጡንቻው ይላላል። የኑሮ ጭንቀት ግን እንደ ውሻው ጮሆ አይሄድም፤ ኪራዩ ነገም አለ። ጡንቻ ሳይላላ ቀናትና ሳምንታት ሲቆይ ማጅራት፣ ትከሻና ወገብ ያማሉ። እንቅልፍ ይጠፋል፤ እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ ደግሞ ሕመም ይበረታል። ሕመሙን የፈራ ሰው መንቀሳቀስ ይቀንሳል፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ይደክማል። እንዲህ እያለ ጭንቀት ሕመምን፣ ሕመምም ጭንቀትን ይወልዳል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ማንም «በሐሳብህ የፈጠርከው ነው» ሊለው አይገባም።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ሕመሙን የሚያስረዳ አንድ የተለየ በሽታ ወይም ጉዳት አይገኝም። ይህ ማለት መንስኤው ሁሉ ጭንቀት ነው ማለት አይደለም፤ ከባድ ሸክም፣ ረጅም ሰዓት መቀመጥና ሌላም አለ። ሆኖም ድርጅቱ በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር የሥነ ልቦና ሕክምናን ጭምር ማካተቱ ብዙ ይናገራል።

አንዳንድ ወገኖች «የሉቃስ 13ቷን ሴት ያጎበጣት መንፈስ አልነበረምን?» ይላሉ። አዎን፣ ቃሉ እንዲህ ይላል፤ እኛም እናምናለን። ይሁን እንጂ የእርሷን መንስኤ የገለጠው ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ነው። እኛ የጎበጠውን ወገብ ሁሉ በአንድ ስም እንድንጠራ ሥልጣን አልሰጠንም። ደግሞም እንዴት እንደተቀበላት እንይ። አሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ የኖረች ሴት በምኩራብ ተገኝታለች፤ ጌታ አያት፣ ጠራት፣ እጁን ጫነባት፣ የአብርሃም ልጅ መሆኗንም በሰው ሁሉ ፊት መሰከረላት። ስለ እምነቷ ማነስ አልወቀሳትም። በእኛ ጉባኤ ግን ሕመሙ ያልተወው ሰው «እምነት አጥተህ ነው» ተብሎ በሕመሙ ላይ ሌላ ሸክም ተጭኖበት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ኤልያስንም እናስታውስ (1ኛ ነገሥት 19)። ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ሞትን ለምኖ በዛፍ ሥር ተኛ። እግዚአብሔር በመልአኩ በኩል በመጀመሪያ የሰጠው እንጀራና ውኃ ነው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ ዳግመኛም ተመገበ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው በኋላ በኮሬብ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስም ጸለየ፣ ጸሎቱ ተሰማ፤ ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳይያስ 38)። እንቅልፍም፣ ምግብም፣ መድኃኒትም ከአንዱ አባት እጅ የሚመጡ ናቸው። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን መካድ አይደለም።

ስለዚህ የሚያማችሁ ወገኖች፣ ጸልዩ፤ ታከሙም። እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ከመጣ፣ ወጌሻ ዘንድ ከመታሸታችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ሐኪሙ አደገኛ ነገር የለም ካላችሁ ደግሞ አልጋ ላይ አትዋሉ፤ በየቀኑ በእግራችሁ ሂዱ፣ እንቅልፋችሁን አክብሩ፣ ልባችሁ ያፈነውንም ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

የጸሎት ቡድን መሪዎችና አገልጋዮች ሆይ፣ ለታመመው ወገብ እጃችንን ከጫንን በኋላ «ቤትህስ እንዴት ነው? ሌሊት ትተኛለህ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ የሰማነውንም ወሬ አናድርገው። ሐዋርያው በገላትያ 6 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዘዘው የክርስቶስ ሕግ በዚህ ስለሚፈጸም ነው። አንዳንዴ የአንድን እህት ትከሻ የሚያቀልለው ከጸሎቱ ጋር የወር ኪራይዋን በጋራ መክፈላችን ሊሆን ይችላል።

ሸክም የከበዳቸውን ወደ እኔ ኑ ብሎ የጠራ ጌታ፣ በሥጋም በነፍስም ያሳርፋችሁ። አሜን።