በእጅ የያዝነው ወርቅ

ሰሞኑን ከእራት በኋላ በተነሣ ጭውውት አንድ ጓደኛችን እንዲህ አለ፦ «ናኖቴክኖሎጂ የሀብታም አገር ጉዳይ ነው። ማይክሮስኮፕ እንኳ በሌለበት ትምህርት ቤት ለምንመደብ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» ብዙዎቻችን «እውነቱን ነው» ብለን ሣቅን። አድሬ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲሁ መታለፍ እንደሌለበት ታየኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎርጎራ ነው፤ መልሴንም ከዚያው ከጣና ዳር አመጣዋለሁ።

በቅድሚያ ቃሉን እንፍታ። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይገመታል። አንድ ቁስ ከ100 ናኖሜትር በታች ሲደቅ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ወርቅ እንኳ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ይህን ቀይ ወርቅ በ1857 እ.ኤ.አ. አጥንቶታል፤ «ናኖቴክኖሎጂ» የሚለውን ስያሜ ያወጣው ግን ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ይህ ቀይ ወርቅ የት ይገኛል? ጤና ኬላ ውስጥ! ትኩሳት የያዘው ሰው ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም በወባ መመርመሪያው ላይ ታኖራለች። በ20 ደቂቃ ገደማ ቀይ መስመር ይወጣል። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ ያ ቅላት የናኖ ወርቅ ቅላት ነው። ቅንጣቶቹ የወባን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ አካል ተለጥፎባቸዋል፤ ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ካለ መስመሩ ላይ ተይዘው ይከማቻሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ነገር ግን ቅንጣቱ አያስብም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ አንዳንድ የወባ ተሕዋስያን አብዛኛው መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን መሥራት ትተዋል። በሽተኛው ወባ እያለበት «የለብህም» ሊባል ነው ማለት ነው! ይህን አደጋ የሚደርስበት መሣሪያው ሳይሆን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የተማረ ሰው ነው። ያን ሰው የሚያፈራው ደግሞ መምህር ነው።

ወደ ጥበቡም እንሂድ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ዋና ቅመሙ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ደግሞ በናኖሜትር የሚለኩ የካርቦን ቅንጣቶች ክምችት ነው። ደብተራው ናኖቴክኖሎጂ ያውቅ ነበር አልልም፤ ቅንጣቱን አላየውም፣ አልለካውምም። ቢሆንም ጥቅሙን በልምድ ደርሶበታል። ያው ጥላሸት ከማድቤት ጭስ ጋር ሲተነፈስ ግን የእናቶቻችንን ሳንባ ይጎዳል። እንግዲህ ደቃቅ ሁሉ ደግ አይደለም፤ ይህንንም ማስተማር ይገባል።

ጎርጎራ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው የማርያም ግምብ ፍርስራሽ አለ። በጣሊያን የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ኖራን በናኖ መጠን አዘጋጅተው፣ በአልኮል በጥብጠው፣ በተፈረፈረ የግድግዳ ሥዕል ላይ መቀባት ችለዋል። ኖራው ወደ ውስጥ ይሰርግና ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ የላላውን መልሶ ያያይዛል። ለእኛ ግምብ ይስማማው ይሆን? በደብረ ሲና ማርያም ላሉት የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎችስ ምን ዓይነት ዘዴ ይበጃል? ይህን ፈትሾ የሚመልስ ኬሚስት ነገ እኛ ፊት ከሚቀመጡት ሕፃናት መካከል ቢወጣ ምን ይገርማል?

«ላቦራቶሪ የለንም» ማለት እውነት ነው፤ ግን ሰበብ አናድርገው። በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ከጭቃ ሥሩ፤ ገጽታው 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ ኩብ በየጎኑ 1 ሚሊሜትር በሆኑ 1,000 ኩቦች ብንከፍለው የገጽታቸው ድምር 60 ይሆናል። ጭቃው አልጨመረም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝበት ገጽታ ግን 10 እጥፍ ሆነ። የናኖ ምሥጢር አንዱ ይኸው ነው። ለዚህ ጭቃ፣ ምላጭና ማስመሪያ ይበቃል።

ስለዚህ ውድ ሠልጣኞች፣ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ምን እንደሌለው ከመቁጠራችን በፊት ምን እንዳለው እንይ። መምህሮቻችንም በማስተማር ልምምዱ ሰዓት ይህችን የጭቃ ትምህርት እንድንሞክራት ቢፈቅዱልን መልካም ነው። ያ ጓደኛችንም ሐሳቡን በሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ደስ ይለኛል።