ኮንቴይነሩስ ደረሰ፣ ዕቃውስ?

ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ፣ ትራንዚተሮች ሻይ ከሚሉባት አንዲት ቤት ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ላጫውታችሁ። ልጅቷ የአንድ ትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ናት። አለቃዋ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛና «አሮጌው ነገ ፎርማት ተደርጎ ይሸጣል፤ ፋይሉን ቶሎ ገልብጪ» አላት። እሷም ዴስክቶፑ ላይ በየደንበኛው ስም የተደረደረውን በፍላሽ ገለበጠች። ቆጠረች። 40 ወጣ፣ 40 ገባ። ልክ ነው! ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ሰነዱን ፈልጎ መጣ። ስሙ አለ፣ ምልክቱ አለ፣ ሲነካ ግን አይከፈትም። ለካ የገለበጠችው ሾርትከቱን ኖሯል! ሾርትከት ማለት እኮ የቤቱ አድራሻ እንጂ ቤቱ አይደለም። አሮጌው ኮምፒዩተር ደግሞ ተጠርጎ ተሸጧል። ወረቀቱ እንደገና እስኪሰበሰብ ኮንቴይነሩ ወደቡ ላይ ተገትሮ ኪራይ ቆጠረ። አለቃዋ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ሆን ብለሽ ነው ያጠፋሽው!» የወር ደመወዟም ተቆረጠ።

ጥፋቱ የማን ነው ትላላችሁ? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አቻኩሎ ያስጠረገው አለቃም ድርሻውን ሊከፍል ይገባው ነበር።

የሚገርመው ግን መፍትሔው ከቢሮዋ ማዶ ነበር። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር በቆጠራ ብቻ አይታመንም፤ የራሱ ቁጥርና የማሸጊያው ቁጥር ከሰነድ ጋር ይመሳከራል። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ አለው። የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ 10 ተሰልታ የምትገኝ መፈተሻ ናት። ጸሐፊው ቢሳሳት ብዙውን ጊዜ እሷ ታጋልጠዋለች።

ፋይልም እንዲሁ ነው። አንደኛ፣ ከብዛቱ ሌላ መጠኑን እዩ። ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሳይዝ የሚለውን በሁለቱም ላይ አስተያዩ። «ሳይዝ ኦን ዲስክ» የሚለው እንደ ዲስኩ ስለሚለያይ አያስደንግጣችሁ። ሾርትከት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ፣ ልጅቷ ይህን ብታይ ኖሮ ወዲያው ትነቃ ነበር። ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስትም ታሳብቅበታለች።

ሁለተኛ፣ ፍላሹን በደንብ አስወጥታችሁ ከነቀላችሁ በኋላ አዲሱ ላይ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ክፈቱ።

ሦስተኛ፣ መጠኑ እኩል ሆኖ ውስጡ የተበላሸም አይጠፋም። ለዋና ዋና ሰነዶች ሀሽ አውጡ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የሚባለው ትዕዛዝ፣ በኤስ.ኤች.ኤ. 256 ስሌት ለእያንዳንዱ ፋይል 64 ፊደልና አሃዝ ያወጣል። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ከአሮጌውም ከአዲሱም የወጣው አንድ ከሆነ፣ በሰላም ተኙ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ አሮጌውን ቢያንስ ለአንድ ወር አትንኩት። አለቃ ቢያጣድፍም «ጌታዬ፣ ላመሳክር» በሉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? የልጅቷ ግን የሚለቀምም አልተረፈላት።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!