የወደቀ ዛፍና የእኛ ምሳር

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ የምንገናኝበት የቤት ኅብረት አለን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቃሉን ተካፍለን፣ ጸልየን፣ ሻይ ቀርቦ ወሬ ስንጀምር አንዱ ወንድም ስልኩን አውጥቶ «ይህን ጉድ አይታችኋል?» አለ። ሁላችንም የምናውቃት ተዋናይት በቲክቶክ ላይቭ ወጥታ ስለ ትዳሯ መፍረስ እያለቀሰች ታወራለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ተንታኙ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት በቃለ መጠይቅ ምን ብላ እንደነበር፣ ባልየው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ማን የማንን ፎቶ ከገጹ እንዳጠፋ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አነጋገሯን ሳይቀር አስመስዬ አሳየኋቸው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

የቤቱ ባለቤት፣ እንደ እናት የምናያቸው ሴት፣ ብርጭቆ እየሰበሰቡ ነበር። ቀና ብለው «እናቷ ይህን አይታ ይሆን?» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

ሌላ ምንም አላሉም። ማንም አልመለሰላቸውም።

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ ሳቅ በፊት፣ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወንድም የጸሎት ርዕስ ሰጥቶን ነበር። ምን እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። አግኝቻት ስለማላውቅ ሴት ትዳር ከነዝርዝሩ አውቃለሁ፤ አጠገቤ ተቀምጦ «ጸልዩልኝ» ያለኝ ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው ግን አላውቅም። ይህን የምጽፈው ከዚያ ሌሊት የተነሣ ነው።

▪️ ካሴት የሰበረ እጅ

እኛ ወንጌላውያን ስለ መዝናኛ ስናወራ ያደግንበት ጥያቄ «ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚል ነው። ዘፈን መስማት ኃጢአት ነው? ፊልም ማየትስ? ሠርግ ላይ መጨፈርስ? በዚህ ክርክር ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ገላትያ 5 ነው። በቀደመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሥጋ ሥራ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ዘፋኝነት» የሚል ቃል አለ። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» ነው፤ በዚያ ዘመን ሰዎች ሰክረው እየጮኹ የሚያመሹበትን ልቅ ፈንጠዝያ ያመለክታል። ቃሉ ማንኛውንም ዘፈን ይከለክላል ወይስ ያን ዓይነቱን ፈንጠዝያ ብቻ በሚለው ላይ ስንከራከር ኖረናል። እኔ ዛሬ ያን ክርክር ልፈታ አልመጣሁም።

የምለው ይህን ነው፦ ዝርዝሩን ከመጨረሻው ቃል ወደ ኋላ መልሳችሁ አንብቡት። ጥል አለ። ክርክር አለ። ቅንዓት፣ ቁጣ፣ አድመኝነት፣ መለያየት፣ ምቀኝነት አለ። ሁሉም ከዘፋኝነት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከመካከላችን ጌታን ሲቀበል ካሴቶቹን የሰባበረ ሰው ብዙ ነው። ያ ካሴት የሰበረ እጅ ግን ዛሬ የሰው ትዳር ሲፈርስ የሚያሳይ ቪዲዮ ለሦስት ግሩፕ ፎርዋርድ ያደርጋል። ኅሊናውም ምንም አይለውም፤ ምክንያቱም ቪዲዮው ውስጥ ዘፈን የለም።

ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃንም። ከእሱ የሚብስ ጥያቄ አለ፦ ይህ በስክሪኑ ውስጥ የማየው ሰው ለእኔ ምኔ ነው?

▪️ የልስጥራን ሕዝብ

ለዚህ ጥያቄ እንደ ሐዋርያት ሥራ 14 የሚያስደነግጠኝ ምዕራፍ የለም። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራን ገቡ። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ መራመድ የማይችል ሰው ተፈወሰ። ሕዝቡ አማልክት በሰው አምሳል ወረዱ ብሎ ጮኸ። ካህኑ ኮርማዎችና የአበባ አክሊል አመጣ፤ ሊሠዉላቸው። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደው ወደ ሕዝቡ መካከል እየሮጡ፣ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን ብለው ለመኑ። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡን ያስተዉት በጭንቅ ነው።

ከዚያ ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን ሰዎች መጡ። ሕዝቡን አግባቡ። ጳውሎስን ወገሩት፤ የሞተ መስሏቸውም ከከተማ ውጭ ጎተቱት።

የዚያው ከተማ ሕዝብ ነው። ኮርማ ያመጣው ሕዝብ ድንጋይ አነሣ። ሉቃስ በሁለቱ መካከል የአንድ ገጽ ርቀት እንኳ አልተወም። ይህ የሚነግረኝ ማምለክና መውገር ተቃራኒ ነገሮች እንዳልሆኑ ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ሰውየው «እኔም እንደ እናንተ ሰው ነኝ» ሲል ባለመስማት ነው። አምላክ ያደረግነው ሰው፣ ሰው ሆኖ ሲገኝ እንደ ከዳን እንቆጥረዋለን። ከዚያ ድንጋዩ ቅርብ ነው። አባቶቻችን «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ያሉት ይህን አይተው ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ከጥላው ሥር የተቀመጥነውም፣ ሲወድቅ ምሳር ይዘን የመጣነውም እኛው ነን።

ከልስጥራን ዘመን የሚለየን አንድ ነገር ቢኖር፣ ዛሬ ከድንጋዩ የሚያተርፍ መኖሩ ነው። ላይቩ የሚቆየው ሰው ስለሚያየው ነው፤ የሚሳደበውም የሚያዝነውም እኩል ተመልካች ሆኖ ይቆጠራል። የላይቭ ውድድሩ ሲጀመር ስድቡ በጨመረ ቁጥር ጊፍቱ ይጨምራል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣ ምልክትን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይቆጥር እንደነበር ከድርጅቱ በወጡ የውስጥ ሰነዶች ታውቋል። «እኔ እኮ ተቃውሜ ነው የጻፍኩት» የምንል ሰዎች ይህን እናስብ። ተቃውሟችንም ቪዲዮውን ወደ ጎረቤታችን ስልክ ገፍቶታል።

▪️ ዋንጫ አይደሉም

እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ሌላው የሌለው ሦስተኛ ልማድ አለን፦ ታዋቂ ሰው ሲያምን እንደ ዋንጫ ማንሣት።

እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካዊው ራፐር ካኒዬ ዌስት ሙሉ አልበም በክርስቶስ ስም ሲያወጣ እኔም ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ለማያምኑ ጓደኞቼ «አያችሁ?» ብዬ ልኬላቸዋለሁ። በዚያው ዓመት በኅዳር በሂውስተን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ አይሁዳውያን የተናገራቸው የጥላቻ ቃላት ዓለምን ሲያስደነግጡ፣ እነዚያው ጓደኞቼ «አየህ?» ብለው መለሱልኝ። ያን ቀን አፈርኩ። ያፈርኩት ግን በእሱ ነበር። በራሴ ማፈር የጀመርኩት ቆይቶ ነው። በእምነቱ ደስ ያለኝ ለነፍሱ ብዬ አልነበረም፤ ክርክር እንዲያሸንፍልኝ ፈልጌ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አዲስ አማኝ በትዕቢት እንዳይወድቅ መሪ አይሁን ያለው ለሰውየው ራርቶ ነው። እኛ ግን የተጠመቀበት ውኃ ሳይደርቅ ማይክራፎን እናስይዘዋለን።

ከቤታችን ሁለት ሰዎችን ላንሣ። ሒሩት በቀለ የፖሊስ ኦርኬስትራ ታላቅ ድምፃዊት ነበረች፤ ዘፈኑን ትታ በወንጌል እምነት ኖራ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ሙሉቀን መለሰ ገና በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የአንድ ትውልድ ድምፅ ሆነ፤ እሱም ዘፈኑን ትቶ፣ ለረጅም ዓመታት በአሜሪካ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. አረፈ። ሁለቱም ዝናው እየጠራቸው ጀርባ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ውሳኔያቸውን የሚያከብርም የሚያዝንበትም አለ፤ ሁለቱንም እረዳለሁ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ባረፉ ጊዜ በስልኬ ላይ ያየሁት አብዛኛው ነገር ይገባኛል ክርክር ነበር። አንዱ ወገን «የእኛ ናት» ይላል፣ ሌላው «ነጥቃችሁን ነው» ይላል። በሁለቱም በኩል ያሉት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ንብረት ይመስል ነበር። አንድ ሰው ከአምላኩ ጋር ብቻውን የሚቆምበት ሰዓት መሆኑን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ችግር አይደለም። የኮንፈረንስ ፖስተሮቻችንን ተመልከቱ፤ የሰባኪውና የዘማሪው ፊት ግማሹን ይሸፍናል፣ የክርስቶስ ስም ከቦታና ከሰዓት ጋር ከታች በትንሹ ይጻፋል። የቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» ብለው ሲከፋፈሉ፣ ጳውሎስ እኛ አገልጋዮች ብቻ ነን፣ የሚያሳድገው እግዚአብሔር ነው ብሎ መለሰላቸው። እኛ ዘማሪውን በሰልፊ ከብበን አሳድገን፣ አንድ ቀን ሲሰናከል ስክሪንሾቱን ቀድመን የምንለጥፍ ነን።

▪️ «ታዲያ ዝም እንበል?»

ይህን ስል የሚነሣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ራሱን አደባባይ ያወጣ ሰው ይተቻል፤ የሚያጭበረብር አገልጋይ ሲኖርስ ዝም ይባላል?» አይባልም። በዚያው በገላትያ መልእክት ጳውሎስ ኬፋን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል። ግን የተቃወመው ፊት ለፊት ነው፤ ሰዎችን በሚያሰናክል የአደባባይ ሥራው ነው፤ ስለ ቤቱ አላወራም። ፊልሙ ደካማ ከሆነ ደካማ ነው እንበል። ግጥሙ ሴትን የሚያዋርድ ከሆነ እንናገር። በትንቢት ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ካለ በማስረጃ እናጋልጥ። የሰው ዕንባ፣ የሰው ልጆች፣ የሰው ሕመም ግን ለሻይ ማጣጫ አይሆንም።

ለራሴ የጀመርኳቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ እንደ ሕግ አትያዙብኝ።

አንደኛ፣ ከመላኬ በፊት የእናታችንን ጥያቄ እጠይቃለሁ። እናቷ እዚህ ክፍል ውስጥ ብትቀመጥ ይህን አሳያታለሁ? ካላሳየኋት አልልክም። «ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» የሚለውን ተረት ስንት ዓመት ሰምቼው ነበር፤ ለስልክም እንደሚሠራ አሁን ነው የገባኝ።

ሁለተኛ፣ ሥራቸውን እወድዳለሁ፣ ነፍሳቸውን ግን የእኔ አላደርግም። ጥሩ ፊልም ሲሠሩ ትኬት ቆርጬ አያለሁ። ማንን አገቡ፣ የት ይኖራሉ የሚለውን አልከታተልም። ይህ ከተጠበቀው በላይ ይከብዳል፤ ስልኬ ልማዴን ስለሚያውቅ አሁንም ያቀርብልኛል።

ሦስተኛ፣ ወጣቶችን ከመገሠጼ በፊት እጠይቃለሁ። የእኅቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው፤ አንድ የኮሪያ የሙዚቃ ቡድን ትወዳለች። ድሮ ቢሆን «ጣዖት ነው» ብዬ ፖስተሩን አስወርዳት ነበር። በቅርቡ ምናቸውን እንደምትወድ ጠየቅኋት። «እነሱን ስሰማ ብቻዬን የሆንኩ አይመስለኝም» አለችኝ። ስለ ኮሪያውያኑ ያወቅሁት ነገር የለም፤ አንድ ቤት ውስጥ አብረን እየበላን ብቸኛ እንደሆነች ግን ሰማሁ። ፖስተሩን አስወርጄ ቢሆን ይህን አልሰማም ነበር።

▪️ ከከተማ ውጭ የቆሙት

የልስጥራን ታሪክ በድንጋዩ አያልቅም። ጳውሎስ ከከተማ ውጭ እንደ ሬሳ ተጥሎ ሳለ፣ ሉቃስ ደቀ መዛሙርት ከበቡት ይላል። እሱም ተነሥቶ ወደ ከተማ ገባ። በዚያች ከተማ ኮርማ ይዞ ያልመጣ፣ ድንጋይም ያላነሣ ሦስተኛ ወገን ነበር ማለት ነው። ስማቸው አልተጻፈም፤ ምን እንዳሉም አልተጻፈም። የተጻፈላቸው የወደቀውን ሰው መክበባቸው ብቻ ነው። ክርስቲያን በዚህ የዝና ዘመን የት ይቁም ብትሉኝ፣ እዚያ ነው የምላችሁ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስልኩ እንደገና ወጣ። ሌላ ሰው፣ ሌላ ቅሌት። እውነቱን ልናገር፣ ቪዲዮውን ቀን ላይ ብቻዬን አይቼው ነበር። ግን «እንጸልይለት» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እናታችን ትሪውን አስቀምጠው ቁጭ አሉና፣ ያን የማያውቁትን ሰው «ልጄ» ብለው ጸለዩለት። ከዚያ ያ ወንድም ባለፈው የጠየቀውን የጸሎት ርዕስ እንዲደግምልን ጠየቅሁት። ደገመልን። ሥራ ካጣ አራተኛ ወሩ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ከታች አስቀምጡልኝ። ጌታ ይባርካችሁ።