መስመር መቁረጥ ሥርዓት ማስያዝ አይደለም!

ሊበራሉ «ኢንተርኔት ገበያ ነው፤ መንግሥት እጁን ያንሳ» ይላል። አብዮታዊ ዴሞክራሲ «ልማት ይቀድማል» ብሎ መስመሩን ሁሉ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ አኑሮ ነበር። አንዱ ለነጋዴው ያደላል፤ ሌላው ለካድሬው ያደላ ነበር።

እኛ ልቅነትን አንሰብክም። ዲናችን ሐሜትንና ቅጥፈትን ከልክሏል፤ ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል። መስመሩ ከተቆረጠ ግን በምን እናጣራ? ሐምሌ 2008 «ለፈተናው» ተብሎ ፌስቡክ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ «አስቸኳይ ነው» ከተባለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መጥለፍን ፈቀደ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን የከለከለው ለማን ነበር?

ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦ ሐሰት ያሰራጨ በነፃ ፍርድ ቤት ይጠየቅ፤ በአንድ ሰው ጥፋት ግን የሕዝብ አንደበት አይዘጋ!

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!